ሁሉም የሚያጨበጭብላት፣ ማንም የማይገዛት መኪና

ከጎብዬ አስፋልት እስከ መርካቶ ሶማሌ ተራ ፈጣን የቤት አውቶሞቢል ብርቅ ናት። ብርቅ የሆነ ሁሉ ግን ዋጋ አያወጣም። ይህንን አጎቴ በሬዎቹን ሸጦ ነው የተማረው።

ጎብዬን የሚያውቅ ያውቃታል። ለማያውቃት ግን እንዲህ ልንገራችሁ። ከአዲስ አበባ ተነስታችሁ ደብረ ብርሃን፣ ጣርማ በር፣ ከሚሴ፣ ደሴ እያላችሁ፣ ዳገቱና ጠመዝማዛው እያንገላታችሁ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዛችሁ ወልድያ ትገባላችሁ። ወልድያን ካለፋችሁ በኋላ ተራራው ወደ ጎን ይሸሽና መንገዱ ሜዳ ላይ ይዘረጋል። ያ ሜዳ የራያ ቆቦ ሜዳ ነው። ግራና ቀኙ ማሽላ፣ ከላይ አናት የሚበሳ ፀሐይ፣ መሃሉ ላይ እንደ ክር የተወጠረ አስፋልት። ከሸዋ ጀምሮ ፍሬን ሲረግጥ የመጣ ሾፌር እፎይ ብሎ ነዳጅ የሚሰጠው እዚህ ነው። ጎብዬ ከወልድያ ወደ ቆቦ ስትሄዱ በዚሁ አስፋልት ግራና ቀኝ የምታገኟት ትንሽ ከተማችን ናት።

እኛ የጎብዬ ልጆች ኳስ የምንጫወተው ከአስፋልቱ ብዙም ሳንርቅ ነበር። ጎሉ ድንጋይ፣ ኳሷ የጨርቅ። ጨዋታው የሚቋረጠው በሁለት ምክንያት ብቻ ነው። አንድም ከብት ሜዳውን ሲያቋርጥ፣ አንድም ከሩቅ የማናውቀው የሞተር ድምፅ ሲመጣ። የምናውቀውንማ ዞር ብለንም አናየውም። በፍጥነቱ የተነሳ ሕዝቡ ‹‹አልቃይዳ›› ያለው አይሱዙ፣ ‹‹ቀይ ሽብር›› የተባለው ሲኖትራክ፣ ሰው እንደ ጆንያ ጠቅጥቆ የሚበረው ዶልፊን ሚኒባስ፣ ሁሉንም ሳናይ በድምፅ ብቻ እንለያቸዋለን። ግን በወር አንዴ፣ ግፋ ቢል ሁለቴ፣ ሆዷ መሬት የሚነካ የሚመስል፣ ድምጿ ወፈር ያለ የቤት አውቶሞቢል በወልድያ በኩል ብቅ ትላለች። ያኔ በረኛው ሳይቀር ጎሉን ጥሎ ይሮጣል። ‹‹ሽው!›› ብላ ስታልፍ እናጨበጭባለን። ከዚያ በኋላ ክርክር ነው። ‹‹160 ትሄዳለች›› ይላል አንዱ፤ ‹‹ኧረ 200!›› ይላል ሌላው። የሚዳኝ የለም።

ታዲያ አንድ ቀን ያቺ ዓይነት መኪና መጥታ አላለፈችም። ቆመች። የቆመችውም አጎቴ በር ላይ ነበር።

የአጎቴ ፈረስ

አጎቴ የሽንኩርት ሰው ነው። በቆቦና በጊራና ሸለቆ በመስኖ የሚለማውን ሽንኩርት ከገበሬው እየሰበሰበ ደሴና አዲስ አበባ ይልካል። በ2007 ዓ.ም. ገበያው ሰመረለትና ገንዘቡን ይዞ አዲስ አበባ ገባ። ሲሄድ በአፉ የነበረው ኮሮላ ነው። ሲመለስ ግን ባለ ቱርቦ፣ 1,800 ሲሲ ለመሙላት ጥቂት የቀራት አውሮፓ ሰራሽ አውቶሞቢል እየነዳ መጣ። ስሟን አልጠራውም፤ በዚህ ታሪክ ውስጥ ጥፋቱ የእሷ አይደለምና።

ለምን እንደገዛት ሲጠየቅ መልሱ አጭር ነበር። ዋጋዋ ከኮሮላዋ ያንሳል፣ ጉልበቷ ግን የትየለሌ ይበልጣል። እውነቱን ነው። ደላላውም ቢሆን ‹‹ይቺ መኪና አገር ውስጥ ያለችው በጣት የምትቆጠር ናት፤ ነገ ወርቅ ትሆናለች›› ብሎታል። ይህቺን ‹‹በጣት የምትቆጠር›› የምትል ቃል ያዙልኝ። የዛሬው ጉዳያችን እሷ ናት።

እኛ ልጆቹ በበኩላችን ከዚያን ቀን ጀምሮ ኳሱን ረሳነው። ‹‹አያ፣ እስኪ አንዴ አስነሳት!›› ስንለው እምቢ አይልም። ሰዓቱ ላይ የመጨረሻው ቁጥር 240 ነበር። 240 ስትሄድ ያየ ማንም የለም፣ ቁጥሩ መጻፉ ብቻ ግን ሰፈሩን ለማኩራት በቂ ነበር።

አጎቴ ‹‹አዲስ አበባ ላይ ከነዳኋት ይልቅ እዚህ ትበራለች›› ይል ነበር። ጉራ መስሎን ነበር፤ በኋላ ሳነብ ግን እውነትነት ያለው ነገር ሆኖ አገኘሁት። አዲስ አበባ ከባህር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ስለተቀመጠች አየሯ ስስ ነው። ሞተር ደግሞ ቤንዚን ብቻ አይደለም የሚበላው፣ አየርም ይተነፍሳል። ባህር ዳርቻ ላይ 100 የፈረስ ጉልበት ያለው ቱርቦ የሌለው ሞተር አዲስ አበባ ሲገባ 20ውን ያህል ጥሎ ነው የሚገባው። ከቆላ የመጣ ቡድን አዲስ አበባ ስታዲየም ላይ በ70ኛው ደቂቃ ጉልበቱን እንደሚይዘው ማለት ነው። የቆቦ ሜዳ ግን 1,500 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነ አየሩ ጠገብ ይላል። ቱርቦ ያላት ደግሞ ወደ ጭስ ማውጫው በሚሄደው ጋዝ እየተሽከረከረች አየር በግድ ወደ ሞተሯ ስለምትነፋ ከፍታው ያን ያህል አይጎዳትም። በአጭሩ አጎቴ ሁሉንም አግኝቷል። ጉልበት አለው፣ አየር አለው፣ ቀጥ ያለ መንገድ አለው። ያላሰበው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የምትሸጥበትን ቀን።

ጅቡቲ ሳትደርስ ቀይ ካርድ

እንግዲህ እንደዚህ ዓይነት መኪኖች አገራችን ውስጥ በጣት የሚቆጠሩት ለምንድነው? ፍጥነት የሚወድ ሰው ስለጠፋ አይደለም። ዳኛው ታክስ ስለሆነ ነው።

በ1995 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ አውቶሞቢሎችን በሞተራቸው መጠን ሦስት ቦታ ከፈላቸው። እስከ 1,300 ሲሲ 30 በመቶ፣ ከዚያ በላይ እስከ 1,800 ሲሲ 60 በመቶ፣ ከ1,800 ሲሲ ያለፈው ደግሞ 100 በመቶ። በዚህ ላይ 35 በመቶ የጉምሩክ ቀረጥ፣ 15 በመቶ ቫት፣ በኋላ ደግሞ 10 በመቶ ሱር ታክስ ተደረበበት። አንዱ የሚሰላው በሌላው ላይ ነው።

እስቲ እስክሪብቶ አውጡና አብረን እንደምር። ወደብ ስትደርስ ዋጋዋ 100 ሺህ ብር የሆነ ባለ 1,300 ሲሲ መኪና ይህ ሁሉ ሲደራረብባት 222 ሺህ ብር ገደማ ትገባለች። ዋጋዋ ያው 100 ሺህ ብር ሆኖ ሞተሯ ከ1,800 ሲሲ ያለፈ ከሆነ ግን 341 ሺህ ብር ትደርሳለች። ልዩነቱ ወደ 120 ሺህ ብር ይጠጋል። ይህ ልዩነት ከመኪናዋ ከራሷ ዋጋ ይበልጣል! ታዲያ አስመጪው ምን ያድርግ? ቪትዝ ያመጣል፣ ያሪስ ያመጣል፣ ባለ 1,300 ኮሮላ ያመጣል። ፈጣኗ መኪና ገና ጅቡቲ ሳትደርስ ቀይ ካርድ ታይታለች። የአጎቴ መኪና 1,800 ሳትሞላ በጥቂት ሲሲ ያመለጠች ነበረች። ኦፍሳይድ መስመሩ ላይ ቆማ ያለፈች አጥቂ በሏት።

ውጭ አገር ያለው ሰልፍ

ወደ ውጭው ዓለም ስንሻገር ነገሩ ሌላ መልክ አለው። የራሊ ወዳጆች የ1990ዎቹን ዓመታት (ሁሉም እ.ኤ.አ. ነው) ያስታውሱታል። በዘመኑ ደንብ አንድ ፋብሪካ በዓለም ራሊ ሻምፒዮና ለመወዳደር ከፈለገ የሚወዳደርባትን ዓይነት መኪና 2,500 ያህል ሠርቶ ለሕዝብ መሸጥ ነበረበት። ሚትሱቢሺ ላንሰርና ሱባሩ ኢምፕሬዛ ባለ አራት በር የቤት መኪና ሆነው ሳለ የውድድር ሞተር የተሸከሙት በዚህ የተነሳ ነው። ሰውየው ልጆቹን ትምህርት ቤት በሚያደርስባት መኪና ዓይነት ፊንላንዳዊው ቶሚ ማኪነን ከ1996 እስከ 1999 አራት ጊዜ በተከታታይ የዓለም ሻምፒዮን ሆነባት። ስኮትላንዳዊው ኮሊን ማክሬ ደግሞ በ1995 በሱባሩ ዋንጫውን አነሳ።

ሩቅ ሳንሄድ ጎረቤታችን ኬንያ በሚካሄደው ሳፋሪ ራሊ ማኪነን በ1996 በላንሰር፣ ማክሬ በ1997 በሱባሩ አሸንፈዋል። ከእነሱ በፊትም ኬንያዊው ጆጊንደር ሲንግ በ1974 እና በ1976 በላንሰር አሸንፏል። በ1975 እና በ1978 ደግሞ ያሸነፈችው ፔዦ 504 ናት። አዎ፣ አባቶቻችን የሚያውቋት ያቺው ፔዦ።

ዛሬ ላንሰር ኢቮሉሽን አይሠራም፤ በ2016 ተቋጭቷል። የሱባሩ ደብሊው አር ኤክስ ኤስቲአይ ከ2021 ሞዴል በኋላ ቆሟል። ስለዚህ ዓለም ላይ ያለው ያው የተሠራው ብቻ ነው። ከዚያም ላይ በየዓመቱ የሚጋጨውና የሚዝገው ሲቀነስ ያልተነካኩት እያነሱ፣ ዋጋቸው እየወጣ ሄደ። አሜሪካ ደግሞ ለራሷ ገበያ ታስቦ ያልተሠራ መኪና 25 ዓመት ካልሞላው በቀላሉ አታስገባም። በዚህ ምክንያት አንድ የጃፓን ሞዴል 25ኛ ዓመቱን ሲደፍን የአሜሪካ ገዢ ጃፓን ላይ ይረባረባል። ዕድሜ የጨመረች መኪና ዋጋዋም ይጨምራል ማለት ነው።

አያችሁ? እዚያም መኪናውን ብርቅ ያደረገው ደንብ ነው፤ እዚህም ደንብ ነው። ልዩነቱ እዚያ ገዢው ተሰልፎ የሚጠብቅ መሆኑ ነው። ማኅበር አላቸው፣ ጨረታ አላቸው፣ መለዋወጫ የሚሠሩ ፋብሪካዎች አሏቸው፣ የመኪናዋን የሰርቪስ ታሪክ ከመጀመሪያዋ ቀን ጀምሮ የመዘገበ ደብተር አላቸው። ብርቅነት የሚቆጥረው ሻጩን ነው፤ ዋጋ ግን ገዢውን ይቆጥራል። የአጎቴ ደላላ የሻጮቹን ቁጥር ነገረው እንጂ የገዢዎቹን አልነገረውም።

ኮሮላ እንደ ሚልነር

የእኛ የእግር ኳስ ሰዎች ይህንን ለመረዳት ሩቅ መሄድ የለብንም። ጥር 31 ቀን 2011 እ.ኤ.አ. የዝውውር መስኮቱ ሊዘጋ ሰዓታት ሲቀሩት ቼልሲ ፈርናንዶ ቶሬስን በ50 ሚሊዮን ፓውንድ ከሊቨርፑል ወሰደ። ሊቨርፑል ዋና አጥቂውን አጥቷል፣ ጊዜ የለውም፣ ገንዘብ ግን አለው። ይህንን ሁሉም ሻጭ ያውቃል። ስለዚህ የኒውካስሉን አንዲ ካሮልን በ35 ሚሊዮን ፓውንድ ገዛ። ካሮል እንደ እሱ ያለ ረጅምና በጭንቅላቱ አደገኛ አጥቂ ‹‹በጣት የሚቆጠር›› ነበር። ከሁለት ዓመት ተኩል በኋላ ግን ወደ ዌስትሃም ሲሸጥ የተገኘው 15 ሚሊዮን ፓውንድ ገደማ ብቻ ነው። ካሮል በሁለት ዓመት ተኩል ውስጥ አላጠረም፣ ጭንቅላቱም ያው ነው። የጠፋው በእሱ ዓይነት አጨዋወት ቡድኑን የሚሠራ ገዢ ነው።

በተቃራኒው ጄምስ ሚልነርን አስቡት። በ2002 በ16 ዓመቱ ለሊድስ ተሰልፎ ከጀመረ ጀምሮ ኒውካስል፣ አስቶንቪላ፣ ማንቸስተር ሲቲ፣ ሊቨርፑል፣ ብራይተን ተጫውቷል። ክንፍ ሲሉት ክንፍ፣ አማካይ ሲሉት አማካይ፣ ተከላካይ ሲሉት ተከላካይ። ተነስቶ የሚያጨበጭብለት የለም፣ የማይፈልገው አሰልጣኝም የለም። ኮሮላ ማለት ሚልነር ናት።

ኮሮላን አስተማሪው ይፈልጋታል፣ ነጋዴው ይፈልጋታል፣ ታክሲ ሊሠራባት የሚፈልገው ይፈልጋታል፣ ሙሽራው ይፈልጋታል። የድሮዋ ዲኤክስ እንኳን ስንት ዓመቷ ሆኖ ጠዋት ስትጠራ ‹‹አቤት›› ትላለች። መርካቶ ሶማሌ ተራ ገብታችሁ የጎደለባትን ብትጠይቁ አዲሱም አሮጌውም ይወጣላችኋል። ወልድያም ሆነ ቆቦ ላይ ሞተሯን ፈቶ የሚገጥም መካኒክ አይጠፋም። ‹‹ቶዮታ ገንዘብ አትጥልም›› የሚባለው ለዚህ ነው። ቤታችሁ በር ላይ የቆመች የቁጠባ ደብተር ናት፤ የፈለጋችሁ ቀን ታወጡታላችሁ።

ፈጣኗን ሊገዛ የመጣ ሰው ግን መጀመሪያ ሞተሯን አስነስቶ ይስቃል፣ ቀጥሎ ይጠይቃል። መለዋወጫዋ የት ይገኛል? በሊትር ስንት ትሄዳለች? መካኒኳ ማነው? ኮምፒዩተሯን የሚያነብ መሣሪያ ያለው የት ነው? ማደያዎቻችን ላይ የቤንዚን ምርጫ የለም፤ አንዳንዶቹ ሞተሮች ግን የተሻለ ቤንዚን እንዲጠጡ ታስበው የተሠሩ ናቸው። ሆዷ ዝቅ ያለ ስለሆነ ኮሮኮንች ላይ መሬት ትልሳለች። ከሁሉ የሚብሰው ጥርጣሬው ነው። ያለፈው ባለቤት እንዴት ነዳት? ፈጣን መኪና ገዝቶ ቀስ ብሎ የሚነዳ ማን አለ? ኮሮላ የሸጠ ሰው ‹‹ቤተሰብ ነው የሚነዳት›› ሲል ይታመናል። የፈጣኗ ባለቤት እንደዚያ ቢል ገዢው ፈገግ ይላል። አጎቴ ከኮሮላ በታች በሆነ ዋጋ ሲያገኛት ርካሽ አገኘሁ ብሎ ነበር። የሸጠለት ሰውዬ ለምን እንደቸኮለ አልጠየቀም።

በሬዎቹ በአንድ ጠዋት

በ2012 ዓ.ም. ታህሳስ ላይ የአጎቴ ባለቤት ታመመች። ደሴ ተወሰደች፤ ከደሴ አዲስ አበባ ሂዱ ተባሉ። ኦፕራሲዮን ያስፈልጋታል። አጎቴ ያን ዓመት ሽንኩርቱ አልተሳካለትም ነበርና ያለው ጥሪት ሁለት በሬዎችና መኪናዋ ናቸው።

በሬዎቹ ቆቦ ገበያ በአንድ ጠዋት ተሸጡ። ገዢው ጥርሳቸውን አየ፣ ጀርባቸውን ዳሰሰ፣ ጥቂት ተከራከረ፣ ከፈለ። አለቀ።

መኪናዋ አዲስ አበባ ወጣችና ለደላላ ተሰጠች። አጋጣሚው ደግሞ ለሻጭ የሚመች ነው ተብሎ ነበር። በዚያው ወር አዲሱ የኤክሳይዝ ታክስ ረቂቅ ይፋ ሆኖ አሮጌ መኪና ላይ የሚጣለው ታክስ ሰማይ ሊነካ ነው ስለተባለ በአንድ ጀምበር የመኪና ዋጋ ዘለለ። ረቂቁ የካቲት ላይ ፓርላማ ጸድቆ አዋጅ ቁጥር 1186 ሆነ። አዋጁ ለአዲስ ባለ ትንሽ ሞተር መኪና ታክሱን ወደ 5 በመቶ ሲያወርድ፣ ያገለገለችውን ግን በዕድሜዋ እየቆጠረ እስከ 500 በመቶ አደረሳት። ቅድም በደመርነው ስሌት 100 ሺህ ብር የነበረችው መኪና አሁን ከአንድ ሚሊዮን ብር ልታልፍ ነው። ስለዚህ ቀድማ አገር ውስጥ የገባች ሁሉ ወርቅ ሆነች። ደላላውም ለአጎቴ ‹‹አላልኩህም?›› አለው።

ሰዎች መጡ። አዩ። አስነሱ። ሳቁ። ስልክ ተቀበሉ። ሄዱ። አንዱ ፎቶ ተነስቶባት ሄደ። ሁለት ወር ተኩል እንዲህ ሆነ። አጎቴ በዚያው ዓመት በዚያው ሳምንት አብሮት መኪና የገዛ የወልድያ ሰው ነበረው። የሰውዬው ኮሮላ በሦስት ቀን ውስጥ፣ ከገዛበት እጥፍ በሚጠጋ ዋጋ ተሸጠች። የአጎቴም መኪና የመጥሪያ ዋጋዋ ጨምሯል። ዋጋዋ ጨመረ እንጂ ገዢዋ አልጨመረም።

በመጨረሻ አጎቴ ለሆስፒታሉ የሚከፈለው ቀን ደረሰና ከገዛበት በታች ሰጣት። የገዛት ሰው ሊነዳት አልነበረም። ፈታታት። ሞተሯ ለብቻ፣ ካምቢዮዋ ለብቻ፣ በሮቿ፣ መብራቶቿ፣ ወንበሮቿ ለብቻ ተሸጡ። እንደ ፈረሰ ክለብ ተጫዋቾቿ በየቡድኑ ተበተኑ። የሚገርመው ነገር ተበትና ያወጣችው ገንዘብ ሙሉ ሆና ካወጣችው በለጠ። ምክንያቱም እንደ እሷ ያሉት በጣት የሚቆጠሩ ሌሎች መኪኖች መለዋወጫ አጥተው ቆመው ነበር። ብርቅነቷ በመጨረሻ ዋጋ አወጣ፤ ዋጋው ግን ለአጎቴ አልነበረም።

የአጎቴ ባለቤት ዳነች፤ አልሐምዱሊላህ። በ2013 ዓ.ም. ክረምት ጦርነቱ ወደ ቆቦና ወልድያ ሲደርስ ቤተሰቡ ወደ ደሴ የሸሸው በአንድ አሮጌ ሚኒባስ ተጠቅጥቆ ነው። ያን ቀን አጎቴ ስለ ፈረስ ጉልበት አላወራም። የተነሳችና የደረሰች መኪና ከሁሉም ትበልጣለች።

ዛሬስ?

ከዚያ ወዲህ ገበያው ጭራሽ ጠበበ። በጥቅምት 2015 ዓ.ም. መንግሥት የውጭ ምንዛሪ የማይፈቀድላቸውን 38 ዓይነት ዕቃዎች ሲዘረዝር አውቶሞቢል ከመካከላቸው ነበረች። በጥር 2016 ዓ.ም. ደግሞ በቤንዚንና በናፍጣ የሚሄዱ አውቶሞቢሎች ወደ አገር ውስጥ እንዳይገቡ መታገዱ ተነገረ። በ2016 ሐምሌ ላይ የብር የምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ሲለቀቅ ሌላው ዕገዳ ቢነሳም የቤንዚን መኪናው በር እንደተዘጋ ቀረ። በ2017 አጋማሽ አንድ ሊትር ቤንዚን 100 ብርን ተሻገረ።

ይህ ሁሉ ለፈጣኗ መኪና ምን ማለት ነው? በአንድ በኩል ምትክ የላትም። አገር ውስጥ ያለችው የመጨረሻዋ ናት፤ የዝውውር መስኮቱ ለዘለቄታው ተዘግቶባታል። በሌላ በኩል መለዋወጫዋ የሚገዛው በዶላር ነው፣ የምትጠጣውም በሊትር ከ100 ብር በላይ የሆነውን ቤንዚን ነው። ብርቅነቷ በጨመረ ቁጥር የማቆያዋ ወጪም እኩል ይጨምራል።

በዚህ መሃል አዲስ ተጋጣሚ ገብቷል። ከ2014 ዓ.ም. ጀምሮ ቀረጥና ታክስ የተቀነሰላቸው የኤሌክትሪክ መኪኖች አዲስ አበባን እየሞሏት ነው። የኤሌክትሪክ ሞተር ከቆመበት ሲነሳ ሙሉ ጉልበቱን ወዲያው ያገኛል፤ እንደ ቱርቦ እስኪሽከረከር አይጠብቅም። መብራት ላይ ቆማችሁ ድምፅ የሌላት የቻይና መኪና ከጎናችሁ ተነስታ ጥላችሁ ስትሄድ የድሮዋ ፈጣን ባለቤት ምን እንደሚሰማው መገመት ይቻላል። የኤሌክትሪኳም ቢሆን ግን ነገ ስትሸጥ ያንኑ ፈተና ትፈተናለች። ባትሪዋ ስንት ዕድሜ ቀረው? ማን ይጠግናታል? ከወልድያ ወዲያ የት ትሞላለች? ገዢ ጥያቄ አያልቅበትም።

ልትገዙ ላሰባችሁ

አንዳንድ ወዳጆቼ አሁንም ‹‹ብርቅ ናት፣ እንግዛና እናስቀምጣት›› ይሉኛል። አልከለክልም። ፍቅር ከሆነ ፍቅር ነው፤ የሚደግፈውን ክለብ በትርፉ የሚመርጥ የለም። ገንዘብ ማስቀመጫ ከሆነ ግን አጎቴ በብዙ ብር የተማረውን እኔ በነፃ ልንገራችሁ።

አንደኛ፣ አገር ውስጥ ስንት እንደ እሷ ያለ መኪና እንዳለ አትጠይቁ፤ ባለፈው ዓመት ስንቱ እንደተሸጠ ጠይቁ። ሁለተኛ፣ ሶማሌ ተራ ገብታችሁ በጣም የሚሰበረውን ዕቃዋን ዋጋ ጠይቁ። ‹‹የላትም›› ከተባላችሁ መልሱን አግኝታችኋል። ሦስተኛ፣ ሊብሬዋ ላይ ያለው የሻንሲና የሞተር ቁጥር ከመኪናዋ ጋር አንድ መሆኑን ዓይናችሁ ይይ። እንደዚህ ያሉ መኪኖች ሞተራቸው ተለውጦ የሚገኝበት ጊዜ አለና ውልና ማስረጃ ደርሳችሁ ከማፈር ቀድሞ ማየት ይሻላል። አራተኛ፣ ባለቤቷን ‹‹ለምን ትሸጣታለህ?›› በሉት፤ መልሱን ሳይሆን ፊቱን ተመልከቱ። ከሁሉ በላይ ግን ለክፉ ቀን ያስቀመጣችሁትን ገንዘብ እሷ ላይ አታውሉ። ክፉ ቀን ሲመጣ ገዢ እስኪገኝ አይጠብቅም።

በቅርቡ አጎቴን ስልክ ደውዬ ይህንን ጽሑፍ ልጽፍ መሆኑን ነገርኩት። አዲስ አበባ ላይ አሮጌ ኮሮላ ምን ያህል እንደምትጠራ ስነግረው ‹‹ወላሂ?›› ብሎ ዝም አለ። ከዚያ ‹‹የኔዋስ? ዛሬ ብትኖር ስንት ታወጣ ነበር?›› ብሎ ጠየቀኝ።

የማውቃቸውን ደላሎች ሁሉ ጠየቅሁለት። ሁሉም የየራሱን ቁጥር ጠራልኝ፤ አንዱ ከሌላው በእጥፍ ይለያል። ‹‹በዚህ ዋጋ የገዛ ሰው ታውቃላችሁ?›› ስላቸው ግን አንድም የሚያውቅ አልነበረም።